በምትጮኽ መኪና ወደ ቤተ ልሔም

ባለቤቴ ሞላ መኪና የሚመረምረው በጆሮው ነበር። የባሕር ዳር ሾፌሮች ሁሉ ያውቁታል። የሞተር ክዳን ሳያስከፍት፣ ጋራዡ በር ላይ እንደቆመ፣ መኪናው ከመንገዱ ወደ ግቢው እስኪታጠፍ ድረስ ሕመሙን ይናገር ነበር። "የኋላ ኩሽኔታህ አልቋል" ይላል፤ ሲፈታ እንዳለው ይገኛል። ሌላው መካኒክ ዘንድ የሚኬደው እጁን ብሎ ነው፤ እኛ ቤት የሚመጣው ግን ጆሮውን ብሎ ነበር። የምንበላው እንጀራ የጆሮው ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ይህን አስቀድሜ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ እኔና እሱ በእስቴና በስማዳ አድርገን እስከ ጋይንት የሄድነውን የአንድ ሳምንት መንገድ ልጽፍ ነው የተነሣሁት፤ ያን መንገድ ደግሞ ያለ ጆሮው ማውራት አይቻልም። ያን አገር በስም እንጂ በእግሩ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ዛሬ መንገዱ ሌላ ሆኗል ይሉኛል። ሞላም የለ፣ መኪናዋም የለች። የማስታወሻ ደብተሬ ግን አለ፤ ስከፍተው እስካሁን የገብስ ገለባ ከገጾቹ መሐል ይረግፋል።

የሞላ ታላቅ ወንድም መሪጌታ ወልደ ሰንበት በጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ መምህር ነበሩ። ድጓ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ግምጃ ቤት ነው፤ ቤተ ልሔም ደግሞ ተማሪው ከየአገሩ ዞሮ ዞሮ መጨረሻ ላይ ተፈትኖ ዕውቀቱ የሚመሰከርለት ቦታ ነው። ሞላም ልጅ ሳለ ወንድሙ እግር ሥር ተቀምጦ ዜማ ጀምሮ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ እንደ ተማሪ የኔታ ነበር የሚላቸው። አንድ ቀን ደብረ ታቦር ገበያ ሄዶ የጭነት መኪና አየ፤ በዚያው ተሳፍሮ ቀረ። መሪጌታ "በጋይንት ምድር እንደሱ ያለ ጆሮ አላጋጠመኝም፤ ወስዶ ለብረት ሰጠው" እያሉ ብዙ ዓመት አዝነዋል። በዚያ ዓመት ከገና በኋላ መልእክት ላኩ። አርጅተዋል፤ ወንበራቸውን ለተማሪያቸው ሊያስረክቡ ነው፤ ለአስተርዮ ማርያም ማኅሌቱን ለመጨረሻ ጊዜ ይመራሉ፤ ሞላ መጥቶ ይስማኝ ብለዋል።

ሞላ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። የወንድሙን ዜማ ከሠላሳ ዓመት ወዲህ አልሰማም። "እሱን ድምፅ ሳልሰማ ብቀር፣ የሌላውን ሁሉ መስማቴ ምን ይረባኛል?" አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር የሚናገር ሰው ስላልነበረ ደነገጥሁ።

ማክሰኞ ጧት ወጣን። በዓሉ እሑድ ስለሆነ ቅዳሜ ማታ ቤተ ልሔም ለመድረስ አምስት ሙሉ ቀን አለን፤ በመንገድ እስቴ ያለች እኅቱን እንጠይቃለን፤ ሰፊ ጊዜ ነው ብለን ተማመንን። መኪናችን ጣሊያን ሠራሽ፣ ክሬም ቀለም፣ ሦስት ባለቤት ቀይራ እኛ ዘንድ የደረሰች አሮጊት ነበረች። የፊት ጎማዎቿ ፍሬን እንደ ብዙዎቹ መኪኖች በታምቡር ውስጥ የተደበቀ አልነበረም። ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር እንደ ሰሃን የለሰለሰ ብረት አለ፤ ፍሬን ሲረገጥ ሁለት ሸራዎች ግራና ቀኝ እንደ ጉጠት ይይዙታል። ሞላ ይህን ዲስክ ፍሬን በጣም ይወደው ነበር። ለእንግዳ ሁሉ ጎማ አዙሮ ያሳይ ነበር፤ እኔም እንዳይሰለቸኝ እየተጠነቀቅሁ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ።

እስከ ወረታ ሜዳ ነው፤ እንደኛው አገር ሙቀት፣ እንደኛው አገር አቧራ። ከዚያ ወዲያ መሬቱ ሽቅብ ይነሣል፤ አየሩ ይሳሳል፤ ሰዉ ሁሉ ጋቢ ደርቦ ይታያል። ደብረ ታቦር ልንገባ ስንል እህል የጫኑ አህዮች መንገዱን ሞልተው መጡ። ሞላ ፍሬን ያዘ። መኪናዋ ሲጢጥ ብላ ጮኸች፤ ጥርስ የሚያሳክክ ቀጭን ጩኸት ነው። አህዮቹ ግማሹ ወደ ቦይ ግማሹ ወደ ሰው አጥር ገቡ፤ ባለ አህዮቹ ይረግሙን ጀመር፤ ከየደጁ ሰው ብቅ አለ።

ሞላ ግራ ቀኙን አየና "ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚያፈጡብን?" አለኝ።

ቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁ። ቀልድ አልነበረም። ያን ጊዜ ብዙ ነገር ባንድ ላይ መጣብኝ። ባሕር ዳር የብስክሌት አገር ነው፤ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ሞላ ለብስክሌት ደወል ዞር የማይልበት ጊዜ በዝቶ ነበር፤ እኔም ኩራት ይዞት ነው እያልሁ እቀልድበት ነበር። "መኪና አይተው ነው" አልሁት። እንዲህ ብዬ ዋሸሁ። ስለ ጆሮው እንዴት ብዬ ልንገረው? ያውም ጆሮውን ይዞ ወደ ወንድሙ በሚሄድበት መንገድ ላይ።

ደብረ ታቦር ያደርንበት ቤት ባለቤት ደግ ሴት ነበረች። ብርዱ ከጉና ተራራ እየወረደ በበሩ ሥር ይገባል። እኛ በጣና ዳር ስለ ወባ ትንኝ ስናማርር እንኖራለን፤ እዚያ ትንኝ የለም፣ የትንኙን ቦታ ቁንጫ ይዞታል። ሴትዮዋ ስንንቀጠቀጥ አይታ የራሷን ጋቢ አውልቃ ደረበችልን፤ እሷ በምን እንዳደረች አላውቅም። ጧት ብጠይቃት "እኔማ ለምጀዋለሁ፤ ብርዱ ዘመዴ ነው" አለችኝ።

ረቡዕ ወደ እስቴ ከተማ፣ ወደ መካነ ኢየሱስ ሄድን። መንገዱ የበጋ መንገድ ነው፤ በክረምት ከብት እንጂ መኪና አያልፍበትም። የጥር ወር ስለሆነ ግራ ቀኙ አውድማ ነው፤ በሬዎች ገብሱን ሲያበራዩ፣ ሰዎች በመንሽ ወደ ነፋስ ሲበትኑ ይታያል። እኛ ስንወርድ መኪናዋ ትጮኻለች፤ የሚያበራየው ሰው ሁሉ ቀና ይላል፤ በሬዎቹም ይቆማሉ። ሞላ ደስ ብሎት እጁን በመስኮት እያወጣ ሰላምታ ይሰጥ ነበር። "ያገሬ ሰው እንግዳ ይወዳል" ይለኛል። እኔም አብሬው እጄን አነሣለሁ።

የታላቅ እኅቱ የእትዬ የሻረግና የባላቸው የአያ ዘውዴ ቤት ከከተማዋ ወጣ ብሎ ነበር። አያ ዘውዴ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ ሙቅ ውኃ አስመጥተው የሞላንም የእኔንም እግር ራሳቸው አጠቡ። እምቢ ብል "የመንገደኛ እግር የባለቤቱ ነው" ብለው ያዙኝ። እዚያ ቤት ባልን አንተ ማለት ነውር ነው። ባሕር ዳር "አንተ፣ ጫማህን አውልቅ" የምለውን ሰው፣ እዚያ "አንቱ፣ ትንሽ ይጨምሩ እንጂ" እያልሁ ሰነበትሁ። ሞላ በሣቅ ሊሞት ምንም አልቀረው፤ ማታ ስንተኛ "አንቱ የሚያምርብኝ ይመስለኛል፤ ባሕር ዳርም ይቀጥል" አለኝ።

ሐሙስ እንሂድ ስንል እትዬ የሻረግ አለቀሱ። ሠላሳ ዓመት ጠፍቶ አንድ ሌሊት አድሮ የሚሄድ ወንድም ምን ወንድም ነው አሉ። በግ ታረደ፤ ዘመድ ተጠራ። ሞላ መኪናዋን በሰፈሩ ሁሉ እየዞረ ሽማግሌዎችን አሳፈረባት፤ በየቁልቁለቱ ትጮኻለች። ከሰዓት በኋላ እኔ ደጅ ተቀምጬ ሳለ አያ ዘውዴ መጡና መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞሩ።

"ልጄ" አሉኝ፤ "ይች መኪና ቁልቁለት ላይ ለምንድን ነው የምታለቅሰው?"

ከሁለት ቀን ዝምታ በኋላ አንድ ሰው ስለ ጩኸቱ ሲጠይቀኝ እፎይ አልሁ። እውነቱን ልነግራቸው ግን አልደፈርሁም። ነገሩን በቀልድ ላሳልፍ ብዬ "የፊት ግራ እግሯን ብረቱ ልጧት ነው፣ አያ" አልኋቸው። የሞላ አለመስማት እንዳይነሣ ደግሞ፣ ስለ ጩኸቱ ለእሱ እንዳይነግሩት አደራ ብዬ ለመንኋቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። "የኔም በቅሎ ኮርቻ ሲልጣት እንዲሁ ነው የምትሆን" አሉና ሄዱ። የዚያ ጨዋታ ነገር እዚያው ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ዓርብ በማለዳ ወደ ስማዳ፣ ወደ ከተማዋ ወደ ወገዳ ተነሣን። እትዬ የሻረግ ለመሪጌታ አንድ ቅል ቅቤ፣ ለእኛ ቆሎና በሶ ሰጡን። ከደጃቸው ያለችውን ትንሽ ቁልቁለት ስንወርድ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ፤ ጩኸት የለም። ሁለተኛዋንም ወረድን፤ ዝም። እመቤቴን አመሰገንሁ። አንዳንድ ሕመም በራሱ ይመጣል፣ በራሱ ይሄዳል ብዬ ለራሴ ነገርሁት። ሞላም በመንገዱ ደስ ብሎት ነበር፤ ልጅ ሳለ በእግሩ ያለፈበትን ወንዝ፣ የተደበቀበትን ዋሻ እያሳየኝ ይስቃል። ከጋብቻችን ወዲህ እንደዚያን ዕለት ጧት ያለ ሞላ አላየሁም። ዛሬም ሳስበው፣ ከመንገዱ ሁሉ ተመርጦ አንድ ሰዓት ይመለስልሽ ብባል ያችኑ ነው የምመርጠው።

ከዚያ ሜዳው አልቆ ረጅሙ ቁልቁለት መጣ። ሞላ ፍሬን ረገጠ። ፔዳሉ ጠንካራ ነው፤ መኪናዋ ግን አልሰማችም። ደገመ፤ ያው ነው። ማርሽ ቀነሰ፤ ሞተሩ አገሳ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ፍጥነቷ በረድ አለ እንጂ አልቆመችም። በግራ በኩል ገደል ነው። በቀኝ በኩል መንገዱን የሚነካ አውድማ አለ፤ ከአውድማው ዳር ቤት የሚያህል የጭድ ክምር። ሞላ መሪውን ወደዚያ ጠመዘዘውና ጭዱ ውስጥ ገባን። ባንድ ጊዜ ጨለማ ሆነ፤ አፌም አፍንጫዬም ገለባ ሞላው።

መጀመሪያ የተሰማኝ ሽታው ነው። ከጎማዎቹ በኩል ጭስ ይወጣል፤ ጭሱ ደግሞ የጎማ ወይም የዘይት አይሸትም። ቅቤ ሲነጠር ይሸታል። ያውም ዓርብ ቀን!

ባለ አውድማው አቶ ጥጋቡ ይባላሉ፤ መንሻቸውን እንደያዙ እየሮጡ መጡ። "የተጎዳ አለ?" ነበር የመጀመሪያ ቃላቸው። የለም ስንል፣ ጭሱን አይተው ከልጆቻቸው ጋር ጭዱን ከጎማው ሥር መመንጠር ጀመሩ፤ እሳት ቢይዝ የዓመት ልፋታቸው ካጠገቡ ተከምሯል። መኪናዋን በጉልበት ገፍተን አወጣናት። ሞላ ይቅርታ ለመጠየቅ አፉን ሲከፍት "ጭድ እኮ ነው፤ ጭድ ተመልሶ ይከመራል፤ ይልቅ ውኃ ጠጡ" አሉት። ባሕር ዳር አንድ ሰው የአንድን ሰው አጥር በመኪና ቢነካ ጣቢያ ሳይሄዱ የሚታረቁ አይመስለኝም።

ሞላ ክሪኩን አግብቶ የፊት ግራ ጎማውን ፈታ። የሚወደው ዲስክ ያብለጨልጫል። በጣቱ ጠረገውና አሸተተ፤ ከዚያ ጣቱን ወደ እኔ ዘረጋ። ያን ጊዜ ሁሉም ገባኝ። አያ ዘውዴ የተላጠች በቅሏቸውን እንደሚያክሙ፣ ትናንት ሲመሽ ሰው ሳያያቸው እጃቸውን ከጎማው ጀርባ አስገብተው የታመመችውን እግር ቅቤ ቀብተዋታል። የቀኙን ስንፈታው እሱም ተቀብቷል። በኋላ እንደ ሰማነው፣ አንዱን ቀብቶ ሌላውን መተው አድልዎ ሆኖባቸው ነው።

ለሞላ ስነግረው መሬት ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪወርድ ሣቀ። አቶ ጥጋቡም ሣቁ። "ታዲያ ዘውዴ ምን አጠፋ? ቅቤ ያልፈወሰው ቁስል የት አለ?" አሉ። እየሣቀ ነበር ሞላ የግራውን ሸራ አውጥቶ የገለበጠው። ሣቁ እዚያው ቆመ። ሸራው አልቋል፤ ብረቱ ሊወጣ የወረቀት ያህል ነው የቀረው።

ሸራውን በጣቶቹ መሐል አገላበጠ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እንዲህ ያለቀ ሸራ ሳይጮህ አይቀርም" አለ። "ይጮህ ነበር?"

"ይጮህ ነበር።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከደብረ ታቦር" አልሁት።

ቀና ብሎ አላየኝም። አህዮቹን አስታወሰ፤ በየአውድማው ቀና ያለውን ሰው አስታወሰ፤ በመስኮት እጁን እያወጣ የሰጠውን ሰላምታ ሁሉ አስታወሰ። ፊቱ ላይ ሲያልፍ አየሁት። እንዲህ አፍሮ አይቼው አላውቅም፤ ያሳፈርሁትም እኔ ነኝ። አንድ ቃል ተናግሬ ቢሆን ደብረ ታቦር ላይ ጎማውን ይፈታ ነበር፤ አያ ዘውዴም ቅቤያቸውን ለበቅሏቸው ያስቀሩ ነበር። እንዳያዝን ብዬ ገደል ልከትተው ነበር።

"ክብርህን የጠበቅሁ መስሎኝ ነው" አልሁት። አንቱ ማለቱን ረስቼዋለሁ።

"ክብሬን ጠብቀሽ ነፍሴን ጣልሽው" አለ። ከዚያ ወዲያ አልተቆጣኝም። ለእኔ ይሁን ለራሱ ባልለየሁት ድምፅ "እንግዲህ የኔታንስ?" አለና ቀሪውን ሳይጨርስ ተወው። መጨረስም አያስፈልገውም ነበር።

አቶ ጥጋቡ ቅባት እንዴት እንደሚለቅ ሲጠየቁ ሳቅ ብለው ሚስታቸውን ጠሩ። ሴትዮዋ የነጠላ ማጠቢያ እንዶድ ወቅጠው በቅል አመጡ። ባሕር ዳር ዲስክ በቤንዚን ነው የሚታጠበው፤ እንዶዱ ግን ቤንዚኑን አስናቀ፤ ሦስት ጊዜ ታጥቦ ብረቱ ሲነካ እስኪፋጭ ድረስ ጠራ። ሸራዎቹን ሞላ ፍም ላይ አስቀምጦ የጠጡትን ቅቤ አስተፋቸው፤ ከዚያ በድንጋይ ፋቃቸው። ከቀኙ ሸራዎች የተሻለውን አንዱን ወደ ግራ አዛወረ። ሁሉንም ገጠመ፤ ለመንገድ ግን አልተነሣም።

"ነይ" አለኝ። "እኔ በሜዳው ቀስ ብዬ እነዳለሁ፤ አንቺ ከጎማው ጎን እየሄድሽ የምትሰሚውን ንገሪኝ።"

አውድማው ዳር ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ተመላለስን። "ይጮኻል" ስለው ይህ ለመካኒክ አይበቃም አለኝ። ስረግጠው ነው ወይስ ስለቀው? ሳያቋርጥ ነው ወይስ ጎማው በዞረ ቁጥር አንዴ? ቀጭን ነው ወይስ ወፍራም? ሲረገጥ የሚጮኽ፣ ሲለቀቅ የሚተው ከሆነ ሸራው ነው፤ ሳይረገጥም የሚያቃጭል ከሆነ የላላ ነገር አለ፤ በዞረ ቁጥር አንዴ ከሆነ ሰሃኑ ተጣምሟል። እንደዚህ አድርጎ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ከመካኒክ ጋር ዐሥር ዓመት የኖርሁ ሴት፣ መስማት ምን ማለት እንደሆነ የተማርሁት እዚያ አውድማ ላይ ነው። "ከግራ ነው፤ ስትረግጠው ብቻ፤ ቀጭን፤ ድንጋይ ላይ ጥፍር ሲጎተት የሚመስል፤ ከጧቱ ግን አንሷል" አልሁት። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና "ወገዳ ያደርሰናል፤ ከዚያ አያልፍም" አለ። እንዳለውም ሆነ። አቶ ጥጋቡ ቤት አሹቅና የገብስ ቂጣ በልተን በጊዜ ተኛን።

ቅዳሜ ወገዳ የደረስነው ገበያው ሊበተን ሲል ነው። በአንደኛ ማርሽ እየተሳብን ስለሄድን በእግሩ የሚሄድ ገበያተኛ ሁሉ ቀደመን፤ አንዳንዱም ዞር እያለ "በርቱ" ይለን ነበር። አንድ የእህል ነጋዴ፣ አይቶን የማያውቅ ሰው፣ መኪናዋን ግቢው ውስጥ አስገብቶ በዳስ ከለለልን። አዲስ ሸራ ከባሕር ዳር በጭነት መኪና መጥቶላት እስክንወስዳት ድረስ ከፀሐይ አስጥሎ ጠብቋታል። በቅሎ ግን በዚያን ሰዓት አልተገኘም። ሞላ ገበያውን ሁለት ጊዜ ዞረ፤ የበቅሎ ባለቤቶች ሁሉ ለበዓሉ ወደየደብራቸው ሊሄዱ ነው። የተገኙልን ሁለት በቅሎዎች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው የሚለቀቁት አሉን።

እሑድን አልረሳውም። በቅሎ ላይ ሆነን ጋይንትን ከፊታችን እያየን፣ ሞላ በየጥቂቱ ፀሐይዋን ቀና ብሎ ያያል። "ይኼኔ ማኅሌቱ ካለቀ ቆየ" ይላል። ቆይቶ ደግሞ "ይኼኔ ወንበሩን አስረክበዋል" ይላል። የመንገዱ ሰው በበዓል ልብሱ ነጭ ሆኖ እየዘፈነ ያልፈናል። በመንገድ ያሳደሩን ቄስ "ማርያም የዘገየውን አታሳፍርም" ብለው ሲያጽናኑት፣ ሞላ እጃቸውን ሳመ።

ሰኞ እኩለ ቀን ሲሆን ቤተ ልሔም ደረስን። የተማሪዎቹ ጎጆዎች በዛፎቹ ሥር ተበትነዋል፤ ከየጎጆው የዜማ ድምፅ ይወጣል፤ አንዱ ያንዱን እየሰማ ሳይሳሳት እንዴት እንደሚያጠና ለእኔ እስካሁን ምሥጢር ነው። የኔታ ከቤታቸው ፊት አጎዛ ላይ ተቀምጠዋል። ቀጭን፣ ነጭ ጢም፣ ዓይናቸው ግን የሞላ ዓይን ነው። ሞላ ከበቅሎው ወርዶ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። ራሱን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ጊዜ አልለቀቁትም።

"ዘገየህ" አሉት።

ሞላ የቅቤውን ነገር ነገራቸው። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሣቁ፤ "ዘውዴ እኔንም ታምሜ ቢያገኘኝ ይቀባኝ ነበር" አሉ። ከዚያ ሣቃቸውን ገቱ። "እንግዲህ ትናንት ጨርሻለሁ፣ ልጄ። ወንበሩ የኔ አይደለም" አሉት። ሞላ አቀርቅሮ "አውቃለሁ፣ የኔታ" አለ። ስለ ጆሮው አልነገራቸውም። እኔም አልተናገርሁም፤ በዚህኛው ግን መናገሩ የእሱ ነው ብዬ ነው።

የኔታ ዞር ብለው ወንበራቸውን የተረከበውን አዲሱን መምህር አዩት፤ እሱም ፈቃድ መጠየቃቸው ገብቶት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። መቋሚያቸውና ጸናጽላቸው መጣላቸው። ተማሪዎቹ ከየጎጇቸው ወጥተው በጸጥታ ቆሙ። የኔታ ከአጎዛው ተነሡ፤ በቀኝ እጃቸው ጸናጽሉን፣ በግራቸው መቋሚያውን ይዘው ጀመሩ።

ዜማ አላውቅም፤ የጣና ዳር ሴት ነኝ፤ ከቅዳሴ ተሰጥዎ በቀር የማውቀው የለኝም። ያ ድምፅ ግን ከዚያ ቀጭን ደረት ይወጣል ብሎ የሚገምት የለም። ከሥር ተነሥቶ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ከላይ ደርሶ ይንቀጠቀጥና ይወርዳል፤ ጸናጽሉ በየመሐሉ ሽል ሽል ይላል። ሞላ ዓይኑን ጨፍኖ አጎንብሶ ይሰማል። እንባው በጢሙ ላይ ሲወርድ አየሁ። እየሰማ ነው። ጆሮው ይህን አልተወውም። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ለማንም ነግሬው አላውቅም፤ እጄን አፌ ላይ ጭኜ አለቀስሁ።

የኔታ ሲጨርሱ ሞላ ዓይኑን እንደ ጨፈነ "አንዱም አላመለጠኝም" አለ። "እያንዳንዷን ሰማሁ፣ የኔታ። ልጅ ሆኜ የሰማሁት ራሱ ነው።" ከዚያ ፈገግ እያለ "ድሮ ግን ይህችን ሲሉ ጸናጽል ይይዙ ነበር። ዛሬ ለምን ተውት?" አለ።

ተማሪዎቹ መሬት መሬት አዩ። ሞላ ዓይኑን ገለጠ። ጸናጽሉ በወንድሙ እጅ ነው፤ ትናንሾቹ ብረቶች ገና አልረጉም፣ ይወዛወዛሉ። እንደ ደወሉና እንደ ፍሬኑ፣ ይህም ቀጭን የብረት ድምፅ አልፎታል።

የኔታ እጃቸውን አዩ፤ ከዚያ ሞላን አዩ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የሰው ጆሮ ሲያርሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። ጎንበስ ብለው ጸናጽሉን አጎዛው ላይ ቀስ አድርገው አስቀመጡት። መቋሚያውን በሁለት እጃቸው ያዙና መሬቱን አንድ ጊዜ መቱት።

"ከመጀመሪያው" አሉ፤ ለተማሪ እንደሚባለው፤ ሆኖም የጀመሩት ራሳቸው ናቸው።

ሞላ በዚህኛው ዓይኑን አልጨፈነም። የወንድሙን ከንፈር እያየ እስከ መጨረሻው ሰማ።